አንዱን ቅጠል ብቻ መቁረጥ፦ በሲቲስ ስካይላይንስ የታነቀ ባለ አራት ቅጠል ማሳለጫ እንዴት እንደሚፈታ

ሁለት አውራ ጎዳናዎች ይገናኛሉ። አንዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ሌላው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በድልድይ ከላዩ ያልፋል። ሁለቱም በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት ረድፍ አላቸው፤ የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ የሚያውቅ ሰው ስፋቱን በዓይነ ሕሊናው ማየት ይችላል። መገናኛው ላይ ያለው ማሳለጫ ሲቲስ ስካይላይንስ የተባለው የከተማ ግንባታ የኮምፒውተር ጨዋታ ራሱ አዘጋጅቶ ከሚሰጣቸው አንዱ፣ ክሎቨርሊፍ የሚባለው ባለ አራት ቅጠሉ ነው። በምሥራቅ ፋብሪካዎችና የጭነት ባቡር ጣቢያ፣ በደቡብ መሀል ከተማውና ሱቆቹ፣ በምዕራብ መኖሪያ ሰፈር፣ በሰሜን ደግሞ ከካርታው የሚያስወጣው መንገድ አለ። መኪና የሚነዳው በቀኝ ነው።

ከተማው ትንሽ ሳለ ማሳለጫው ምንም አይልም። ፋብሪካው ሲበዛ ግን ከምሥራቅ በሚመጣው መስመር ላይ ሰልፍ ይጀምራል። ሰልፉ የሚይዘው ቀኙን ረድፍ ብቻ ነው፤ መሀሉና ግራው ባዶ ናቸው። የጭነት መኪኖች አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፈው ይቆማሉ፣ ጭራቸው እስከ ፋብሪካዎቹ መውጫ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሰፈሩ መንገድ ይገባል። ቀጥሎ ሱቆች የሚሸጡት ዕቃ ያጣሉ፣ ቆሻሻ አንሺው አይደርስም፣ ሕንፃዎች መለቀቅ ይጀምራሉ። ይህን ያላየ የዚህ ጨዋታ ተጫዋች ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው መንገዱን ማስፋት ነው። ሦስቱን ረድፍ አራት ያደርጋል፣ ሰልፉ ግን እንደነበረ ይቀራል፤ የተጨመረውም ረድፍ ባዶ ይሆናል። ምክንያቱን ለማወቅ የጨዋታው መኪና እንዴት እንደሚወስን ማወቅ ያስፈልጋል። መኪናው ከመነሳቱ በፊት እስከ መድረሻው ያለውን መንገድ በሙሉ፣ በየትኛው ረድፍ እንደሚሄድ ጭምር ይቀይሳል። ሚዛኑ በዋናነት ርቀትና የተፈቀደው ፍጥነት ነው። ከተነሳ በኋላ ፊት ለፊቱ ሰልፍ ቢያይም ሐሳቡን አይለውጥም። ወደ ቀኝ የሚወጣ መኪና ቀድሞ ቀኙን ረድፍ ይይዛል፤ ስለዚህ ሁሉም የጭነት መኪና አንድ መውጫ ከፈለገ ሁሉም በአንድ ረድፍ ይሰለፋል። የጎደለው የረድፍ ብዛት አይደለም፤ አንዱ መውጫ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል።

የትኛው መውጫ እንደሆነ በግምት ሳይሆን በማየት ነው የሚታወቀው። የትራፊክ መረጃውን ክፈቱና የጉዞ መስመሮችን ወደሚያሳየው ክፍል ግቡ፤ ከዚያ ሰልፉ ያለበትን መንገድ ጠቅ አድርጉ። በዚያ ቁራጭ የሚያልፉ ተሽከርካሪዎች ሁሉ ከየት መጥተው ወዴት እንደሚሄዱ በየዓይነታቸው በቀለም ይዘረጋሉ። አራቱን መምጫዎች አንድ በአንድ ጠቅ አድርጋችሁ ለእያንዳንዱ ሦስት መዳረሻ፣ በድምሩ አሥራ ሁለት እንቅስቃሴዎችን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከጎናቸው «ከባድ»፣ «መካከለኛ»፣ «ቀላል» ብትሉ ይበቃል። የእውነተኛ ሰዓታዊ ቁጥር እዚህ አይሠራም፤ የጨዋታው ቀን በጣም አጭር ነው፣ በአንድ ጊዜ ሊንቀሳቀሱ የሚችሉት ተሽከርካሪዎችም በ16,384 የተገደቡ ናቸው። በዚህ ከተማ ከባድ ሆነው የወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ የሚወርደው ጭነትና ከደቡብ ወደ ምሥራቅ የሚመለሰው ባዶ መኪና።

እነዚህ ሁለቱ የአንድ ጉዞ መሄጃና መመለሻ ናቸው፤ ለማሳለጫው ግን አንድ አይደሉም። ከምሥራቅ ወደ ደቡብ መሄድ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ከደቡብ ወደ ምሥራቅ መመለስ ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው፤ የቀኝ መታጠፊያ ደግሞ በየትኛውም ማሳለጫ ቀላሉ ነው። አብዛኛው ተጫዋች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «መሄጃውን በድልድይ ካሻገርኩ መመለሻውንም ማሻገር አለብኝ» ብሎ ሁለት ድልድይ ይሠራል፣ ሁለተኛውም ያለ ሥራ ይቆማል።

አሁን ቅጠሉን፣ ማለትም ክብ መዞሪያውን፣ እንመልከት። በባለ አራት ቅጠል ማሳለጫ በቀጥታ ወደ ግራ የሚታጠፍ የለም። ከምሥራቅ የመጣው የጭነት መኪና ድልድዩን ያልፋል፣ ወደ ቀኝ ይወጣል፣ በሰሜን ምዕራቡ ቅጠል 270 ዲግሪ ዞሮ ወደ ደቡብ ይገባል። ችግሩ ከዚህ መውጫ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከሰሜን ምሥራቁ ቅጠል የሚወጡ መኪኖች እዚያው ቀኝ ረድፍ ላይ መግባታቸው ነው። እነሱ ወደ ግራ፣ ወደ ዋናው መንገድ መሻገር ይፈልጋሉ፤ የጭነት መኪኖቹ ወደ ቀኝ መውጣት ይፈልጋሉ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ አጭር ቁራጭ ላይ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ።

ቁራጩ ምን ያህል አጭር ነው? የጨዋታው መሬት የሚለካበት ትንሽ ካሬ፣ ሴል የሚባለው፣ ጎኑ 8 ሜትር ነው። የቅጠሉ ራዲየስ 6 ሴል ማለትም 48 ሜትር ቢሆን፣ ለመንገዱ ስፋትና ለዳሩ 16 ሜትር ቢጨመር፣ ከአንዱ ቅጠል መግቢያ እስከ ሌላው መውጫ ያለው ርቀት ሁለት ጊዜ 64፣ ማለትም 128 ሜትር ነው። የአውራ ጎዳናው ፍጥነት በጨዋታው 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ 128 ሜትር ከአምስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በዚያ ላይ የጨዋታው መኪና ረድፍ የሚቀይረው መንገዱ በሚገጣጠምበት ነጥብ፣ ተጫዋቾች ኖድ በሚሉት ቦታ ነው። በ128 ሜትር ውስጥ አንድ ኖድ ብቻ ካለ ሁሉም መሻገር እዚያች ነጥብ ላይ ይከመራል። መኪኖች ቀጥ ብለው ቆመው አንዱ ሌላውን ሲጠብቁ የሚታየው ለዚህ ነው።

ይህ የጨዋታው ጉድለት ብቻ አይደለም። የቅጠሉ ማሳለጫ የፈጠራ መብት በአሜሪካ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1916 በአርተር ሄል ስም ነው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው ቅጠል ማሳለጫ ደግሞ በ1929 በኒው ጀርሲ ዉድብሪጅ ተከፈተ። የዚያን ዘመን መኪና አዝጋሚና ጥቂት ስለነበር ቅጠሉ ድንቅ መፍትሔ ነበር፤ በአንዲት ድልድይ ብቻ ያለ መብራትና ያለ ማቋረጥ ሁሉንም አቅጣጫ ያገናኛል። ፍጥነቱና ብዛቱ ሲጨምር ግን መጠላለፉ ችግር ሆነ፤ ዉድብሪጅም ዛሬ ባለ አራት ቅጠል አይደለም። በእውነተኛው ዓለም መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ሲያድሱ ብዙ ጊዜ ሁሉንም አያፈርሱም። ከባዱን ግራ መታጠፊያ የተሸከመውን ቅጠል ያነሱና በምትኩ ከላይ የሚያልፍ ራምፕ፣ ማለትም ከአንዱ አውራ ጎዳና ወደ ሌላው የሚያሸጋግር መንገድ፣ ይሠራሉ። በዚህ ጉዳይም የተመረጠው ይኸው ነው፤ ሰሜን ምዕራቡ ቅጠል ይነሳል፣ ሦስቱ ይቀራሉ።

ሦስት ቅጠል መተው ለጥንቃቄ የማይበቃ ይመስላል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ማረጋገጥ ይገባል። በአራት ቅጠል አራት መጠላለፊያ አለ፣ በየመስመሩ አንድ አንድ። ሰሜን ምዕራቡ ሲነሳ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ በሚሄዱት መስመሮች ላይ ያሉት ሁለቱ ይጠፋሉ። የሚቀሩት ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በሚሄዱት ላይ ያሉት ናቸው። ከደቡብ ወደ ምሥራቅ የሚመለሰው ከባድ እንቅስቃሴ ወደ ሰሜን ከሚሄደው መስመር የሚወጣው መጠላለፊያው ሳይደርስ ነው፤ ወደ ምሥራቁ መስመር የሚገባውም መጠላለፊያው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ በቀሩት ሁለት መጠላለፊያዎች የሚያልፈው ቀላሉ መኪና ብቻ ነው። የዚህ ጥገና ውበት እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቅጠል ተቆርጦ ከባዱ ጭነት ከአራቱም መጠላለፊያዎች ነፃ ይወጣል። ከባዱ ግራ መታጠፊያ ሁለት ቢሆን ኖሮ በሰያፍ ተቃራኒ የሆኑትን ሁለት ቅጠሎች ማንሳት ይሻል ነበር፤ ያን ጊዜ አንድም መጠላለፊያ አይቀርም። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ማንሳት ግን አንዱን መጠላለፊያ ይተዋል።

ቀጥሎ ልኬቱ። አዲሱ ራምፕ ከምሥራቅ በቀኝ ይወጣል፣ ከፍ ብሎ የሰሜን–ደቡቡን መንገድ ይሻገራል፣ በግራ በሰፊው ታጥፎ የምሥራቅ–ምዕራቡን መንገድ ይሻገራል፣ ከዚያ ወርዶ ወደ ደቡብ በሚሄደው መስመር ቀኝ በኩል ይገባል። የኩርባው ራዲየስ የሚወሰነው በፍጥነቱ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ንድፍ መመሪያ፣ መንገዱ 8 በመቶ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል፣ ለ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት 41 ሜትር፣ ለ50 ኪሎ ሜትር 73 ሜትር፣ ለ70 ኪሎ ሜትር 168 ሜትር ዝቅተኛ ራዲየስ ይሰጣል። 168 ሜትር በትክክል 21 ሴል ነው፤ ለዚህ ራምፕ የተወሰደው ይኸው ነው። የቆዩት ቅጠሎች ባለ 48 ሜትሮች ስለሆኑ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይገባቸዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ራዲየሱ በካሬ እንደሚያድግ ልብ በሉ፤ ተጫዋቾች «የኔ ማሳለጫ ለምን የልጅ መጫወቻ ይመስላል» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ኩርባው ከሚገባው አንድ ሦስተኛ ብቻ ስለሆነ ነው።

ከፍታው በሦስት ደረጃ ተከፍሏል፤ የታችኛው መንገድ ዜሮ፣ ድልድዩ 9 ሜትር፣ አዲሱ ራምፕ 18 ሜትር። የከፍታ እርምጃውን ወደ 3 ሜትር አውርዱና በፔጅ አፕና ፔጅ ዳውን ቁልፎች ሂዱ። ጨዋታው 9 ሜትሩን አልቀበልም ካለ ወደ 12 ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። 18 ሜትር ለመውጣት በ5 በመቶ ቁልቁለት 360 ሜትር፣ ማለትም 45 ሴል ያስፈልጋል፤ ለመውረድም እንዲሁ። የኩርባው ርዝመት ወደ 264 ሜትር ነው። ሲደመር ራምፑ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የጨዋታው አንድ የመሬት ካሬ ጎኑ 1,920 ሜትር ስለሆነ አንዲት ራምፕ ብቻ የካሬውን ግማሽ ትወስዳለች። ቦታው ቀድሞ ካልተተወ ይህን መሥራት አይቻልም፤ ሁለት አውራ ጎዳና ሊገናኝ ባለበት ቦታ ከመጀመሪያው ቀን ዙሪያውን ባዶ መተው ከሁሉም ብልሃት ይበልጣል።

ወደ ምሥራቁ ጫፍ እንምጣ። ከምሥራቅ የሚመጣ ሰው ሁለት የቀኝ መውጫ ያገኛል፤ አንዱ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው የቆየው ራምፕ፣ ሌላው አዲሱ። ሁለቱን በየራሳቸው ከማስወጣት አንድ ባለ ሁለት ረድፍ መውጫ ሠርቶ 30 ሴል (240 ሜትር) ካለፈ በኋላ መክፈል ይሻላል፤ ዋናው መንገድ የሚረበሸው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ሲከፈል ግራው ከፍ ብሎ ወደ ደቡብ፣ ቀኙ ወደ ሰሜን ይሄዳል። መውጫው ከዋናው መንገድ ሲለይ ማዕዘኑ ከጥቂት ዲግሪ መብለጥ የለበትም። የጨዋታው መኪና ጠምዛዛ ኖድ ሲያገኝ ፍጥነት ይቀንሳል፤ 30 ዲግሪ የተሰነጠቀ መውጫ ራምፑ ባዶ ሆኖ እንኳ ዋናውን መንገድ ያዘገያል።

የረድፍ ሒሳቡ አንድ ቀላል ደንብ አለው። ከመውጫ በፊት ያለው ረድፍ፣ ከመውጫ በኋላ ያሉት ረድፎች ድምር ሲቀነስ አንድ መሆን አለበት። እዚህ ዋናው መንገድ ሦስት ረድፉን ይዞ እንዲቀጥልና መውጫው ሁለት እንዲሆን ስለተፈለገ፣ ከመውጫው በፊት ሦስት ሲደመር ሁለት ሲቀነስ አንድ፣ አራት ረድፍ ያስፈልጋል። ባለ አራት ረድፉ አውራ ጎዳና ከማስ ትራንዚት ማስፋፊያ ጋር የመጣ ነው። የተቀነሰው አንዱ የጋራ ረድፍ ነው፤ ከግራ ሲቆጠር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለ ሹፌር መቀጠልም መውጣትም ይችላል። ይህን የጋራ ረድፍ ጨዋታው በራሱ ሁልጊዜ በትክክል አይሰጥም፤ ትራፊክ ማናጀር፦ ፕሬዚደንት ኤዲሽን በተባለው ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው በጨዋታው ላይ የሚጨምሩት ፕሮግራም) ውስጥ ያለው የረድፍ ማገናኛ ግን ያደርገዋል። ኖዱን ጠቅ አድርጉ፤ አንደኛውንና ሁለተኛውን ረድፍ በቀጥታ ወደ ፊት፣ ሦስተኛውን ወደ ዋናው ሦስተኛና ወደ ራምፑ ግራ፣ አራተኛውን ወደ ራምፑ ቀኝ ብቻ አገናኙ። ሌላ መስመር አትሳቡ። ከአንደኛው ረድፍ ወደ ራምፑ የሚሻገር መስመር ከቀረ፣ አንዱ መኪና ሁሉንም አቋርጦ ለመውጣት ሲል መንገዱን ያቆመዋል።

በደቡቡ ጫፍ ደንቡ ይገለበጣል። ሦስት ረድፍ ከሁለት ረድፍ ራምፕ ጋር ሲገናኝ አራት ይሆናል፤ የዋናው ቀኝና የራምፑ ግራ ወደ ሦስተኛው ይቀላቀላሉ፣ የራምፑ ቀኝ አዲሱ አራተኛ ረድፍ ይሆናል። ከምዕራብ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው የቆየው ራምፕም እዚሁ አካባቢ ስለሚገባ፣ ሁለቱ መግቢያዎች እንዳይደራረቡ ቢያንስ 300 ሜትር ማራራቅ ይገባል፤ 40 ሴል ተወስዷል። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚገባ መኪና ከ70 ከተነሳ ወደ 110 ሜትር፣ ከ40 ከተነሳ ግን ወደ 285 ሜትር መፍጠኛ ይፈልጋል። ስለዚህ ለቀሩት ቅጠሎች መግቢያ ረጅም ተጨማሪ ረድፍ ማሰብ ግድ ነው። በቅጠሎቹ መካከል ባለው 128 ሜትር ይህ አይሟላም፤ መፍትሔው የአንዱን ቅጠል መግቢያ ከሌላው መውጫ ጋር በአንድ ተጨማሪ ረድፍ ማያያዝ ነው። የሚጠላለፉት ሁለት ረድፎች ብቻ ይሆናሉ፣ ዋናዎቹ ሁለቱ አይነኩም። በዚህ ቁራጭ መሀል አንድ ሁለት ኖድ መጨመርም መሻገሪያውን ያበዛል፤ ኖዶቹ እርስ በርስ ከተጠጉ ግን ቁርጥራጩ ረጅም መኪና መያዝ ያቅተውና ነገሩ ይብሳል።

የቀኝ መመለሻው፣ ከደቡብ ወደ ምሥራቅ ያለው፣ የሚያስፈልገው አንድ ረድፍ የነበረውን ሁለት ማድረግ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ውጤት ያለው ትንሹ ሥራ ምናልባት ይህ ነው።

የግንባታው ቅደም ተከተል ራሱ ችግር ያመጣል። ቅጠሉን መጀመሪያ ማፍረስ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በእሱ በኩል የቀየሱ መኪኖች ሁሉ መንገዳቸውን ያጣሉ፣ ሌሎቹ ወደ ከተማው ውስጥ መንገዶች ይጎርፋሉ። ጨዋታውን አቁሙ፣ ራምፑን በሙሉ ሥሩ፣ የታችኛውን ጫፍ መጀመሪያ፣ የላይኛውን ቀጥሎ አገናኙ፣ ቅጠሉን በመጨረሻ አንሱ። ራምፑ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ስለሆነ የሚሳብበት አቅጣጫ የመኪናው አቅጣጫ ነው፤ ከተገለበጠ በማሻሻያው መሣሪያ ላይ በቀኝ ጠቅ ማድረግ ይመልሰዋል። ምሰሶዎች በኖዶቹ ስር ስለሚቆሙ አንዱ ኖድ ከታችኛው መንገድ መሀል ላይ ካረፈ ጨዋታው ቦታው ተይዟል ይላል፣ ወይም ሞድ ካለ ምሰሶው አስፋልቱ መሀል ይተከላል። ሙቭ ኢት በሚባለው ሞድ ኖዱን ወደ ሁለቱ መስመሮች መሀል ክፍተት መግፋት ያስተካክለዋል። በዚያው ሞድ ውስጥ ያለው የቁልቁለት ማስተካከያም የራምፑን ኖዶች ሁሉ መርጦ አንድ ወጥ ዘንበል ይሰጣቸዋል፤ በ3 ሜትር እርምጃ የተሠራ ራምፕ ደረጃ ደረጃ መስሎ የሚታየው በዚህ ይጠፋል።

ፍጥነቱንም መጻፍ አይዘንጋ፤ በትራፊክ ማናጀር ቅጠሎቹን 40፣ አዲሱን ራምፕ 70። ጌጥ ብቻ አይደለም። መኪናው መንገዱን የሚመርጠው በፍጥነት ጭምር ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ከፍ ብሎ የተተወ ቅጠል ከሚገባው በላይ መኪና ይስባል።

ሰልፉ ከምሥራቁ ሲጠፋ አንዳንዴ ወደ ደቡብ ተዛውሮ ብቅ ይላል። ቀድሞ ቅጠሉ እንደ ጠባብ ቧንቧ መሀል ከተማውን ይከላከልለት ነበር፤ አሁን ሁለት ረድፍ ሙሉ የጭነት መኪና በአንድ ጊዜ ይደርሳል። እዚያ መውጫው ከከተማ መንገድ ጋር በትራፊክ መብራት የሚገናኝ ከሆነ ጭራው ወደ አውራ ጎዳናው ይመለሳል። ከመጨረሻው መግቢያ እስከ መሀል ከተማው መውጫ ቢያንስ 600 ሜትር፣ 75 ሴል፣ መኖር አለበት። በዚህ ከተማ የነበረው መውጫ ከዚያ በጣም ይቀርብ ስለነበር ተዘግቶ ወደ ደቡብ መግፋት ነበረበት። አራቱ ረድፍ እስከ አዲሱ መውጫ ይቀጥላል፤ እዚያ ሁለት ረድፍ በጋራ ረድፍ ይወጣል፣ ሦስቱ ያልፋሉ። ከመውጫው ስር ያለው መገናኛ ደግሞ መብራቱ ተነስቶ፣ ከራምፑ ለሚመጣው ቅድሚያ ተሰጥቶት፣ የጭነት መኪኖቹ ወደ ሱቆቹ ጀርባ መንገድ በቀጥታ እንዲገቡ ተደርጓል።